ቁልፉ ቋንቋ የለውም

በዚህ ወር ስለ ኪቦርድ ላጫውታችሁ ነው። «ስንት ጉዳይ እያለ!» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ልጆቻችንን ይመለከታል።

ልጄ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሰክቶ የራሱን ኪቦርድ ሠራ። ደሴ ላሉት አያቱ በአማርኛ እንዲጽፍበት ብጠይቀው፣ «አባዬ፣ ይኼ እኮ የእንግሊዝኛ ነው» አለኝ። አያቱ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ቺፕ የምትልከው ቁጥር ብቻ ነው። «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ ሲነካ ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰው 4 ቁጥር ነው፤ ፊደል የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ነው። የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። የቺፕ ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን የሠራው እዚሁ ዳላስ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ በ1958 ነበር።

የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚልክ የሚወስነው በቺፗ ላይ የተጫነው ፈርምዌር ነው። ኪውኤምኬ የተባለው ፈርምዌር በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ባለቤቱ እንደ ፍላጎቱ ያስተካክለዋል። እናንተም ብትሞክሩት ሦስት ነገር አትርሱ፦ ፋይሉ ለዚያው ኪቦርድ የተዘጋጀ ይሁን፤ ኪቦርዱን ቡትሎደር ወደሚባለው ሁኔታ አስገቡት፤ ጭነቱ እስኪያልቅ ገመዱን አትንቀሉ።

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር አደስነው። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ኮምፒዩተሩ ወደ አማርኛ እንዲዞር አደረግን። ልጄም ፊደል እየለቀመ «እማማ፣ እንደምን ነሽ?» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ ልጆቻችሁ «መሣሪያው አማርኛ አይችልም» ቢሏችሁ አትመኑ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ፊደሉን አስቆጥሯቸው፤ መሣሪያው ይታዘዛል።