በጆሮ የገባ መርዝ

የሼክስፒርን ክፉ ነገሥታት ጥቀስ ብባል፣ ብዙ ሰው ከሚያስቀድማቸው ከሪቻርድ ሣልሳዊና ከማክቤዝ በፊት እኔ የዴንማርኩን ክላውዲየስን እጠራለሁ። ሪቻርድ ተንኮሉን ለተመልካቹ እየተናዘዘ ነው የሚሠራው። ማክቤዝ ገና ሳይገድል ይባንናል። ክላውዲየስ ግን ለሚያየው ሁሉ ደኅና ሰው ነው፤ ይህን ገጸ ባሕርይ ግንባሩን ቋጥሮ የሚጫወት ተዋናይ ነገሩ አልገባውም እላለሁ።

ታሪኩን ከሼክስፒር ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ የጻፈው ሳክሶ ግራማቲኩስ የተባለ ዴንማርካዊ ነው። በሳክሶ ጽሑፍ ወንድሙን የገደለው ፌንግ ግድያውን አይደብቅም፤ ሟቹ ሚስቱን ያንገላታ ስለነበር ነው ብሎ ሰበብ ይሰጣል እንጂ። ሼክስፒር ይህን ለወጠና ግድያውን ምስጢር አደረገው፤ መርዙንም በተኛው ንጉሥ ጆሮ ውስጥ አስጨመረ። ወንጀሉ ከተሰወረ ዘንድ ገዳዩ ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በአንደበቱ ነው። የሟቹ መንፈስ ለልጁ ለሐምሌት የሚነግረውም ይህንኑ ነው፤ እባብ ነደፈው በሚል ወሬ የአገሩ ጆሮ ሁሉ ተታሏል።

ክላውዲየስን መጀመሪያ የምንሰማው በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት ነው። የወንድሙን ሐዘንና የወንድሙን ሚስት ማግባቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሲያበቃ፣ መኳንንቱ በጋብቻው ስለተስማሙ ያመሰግናቸዋል። ምስጋናዋን ልብ በሉልኝ። የተመሰገነ ሰው ነገ ተነሥቶ «እኔ የለሁበትም» ማለት ይቸግረዋል። የሐምሌትን የልጅነት ጓደኞች አስጠርቶ ጆሮ ጠቢ ማድረጉ፣ ከፖሎኒየስ ጋር ተሸሽጎ ማዳመጡ የየቤተ መንግሥቱ ወግ ነውና አልቆይበትም።

ዋናው ነገር ያለው በአራተኛው ገቢር ነው። ሌየርቲስ የአባቱን መገደል ሰምቶ፣ «ይንገሥ» የሚለውን ሕዝብ አስከትሎ በር ሰብሮ ይገባል። ንግሥት ጌርትሩድ ልትይዘው ስትል ክላውዲየስ ልቀቂው ይላታል፤ ንጉሥን አምላክ ይጠብቀዋል ነው ነገሩ። ይህን የሚለው ንጉሥ የገደለ ሰው ነው! ሌየርቲስ ግን የሚያየው አንድ የማይፈራ ሰው ብቻ ነው።

ኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ ትእዛዝ የሚባል የለም። አንድ የኖርማንዲ ፈረሰኛ የሰይፍ ጨዋታህን አድንቆ ነበር፣ ሐምሌትም ሰምቶ ቀንቷል ይለዋል። ቀጥሎ፣ ለመሆኑ አባትህን ትወደው ነበር? ብሎ ይጠይቀዋል። የአባቱን ደም አልመለሰም መባልን በሚፈራ አገር ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ አስተርጓሚ አያሻውም። የልጁ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ክላውዲየስም አዲስ ነገር አልፈጠረበትም፣ ያንኑ ሐዘን አንሥቶ ሥራ ሰጠው እንጂ። ያልደነዘ ሰይፍ ይዘህ ግጠመው የሚለው ሐሳብ የንጉሡ ነው፤ ሰይፉን መርዝ እቀባዋለሁ የሚለው ግን ሌየርቲስ ራሱ ነው። ይህችን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ አለቃ ሁለት ባልደረቦቼን ለየብቻ እየጠራ «እገሌ ባንተ ሥራ ይቀናል» ይላቸው ነበር። በዓመቱ ሁለቱም ከቦታቸው አልነበሩም። አለቃው የጻፈባቸው አንዲት ደብዳቤ የለችም፤ አንዱ በሌላው ላይ የጻፈው አቤቱታ ግን ፋይል ሞልቶ ነበር።

ሌየርቲስን እንዲያ አቀጣጥሎት ሳለ ንግሥቲቱ የኦፊሊያን በውኃ መስጠም ልታረዳ ትመጣለች። ልጁ እያለቀሰ ሲወጣ፣ ክላውዲየስ ለሚስቱ፣ ቁጣውን ለማብረድ ስንት ደክሜ ነበር ይላታል። ለዚህ ውሸት ማንም አላስገደደውም፤ ማንም አልጠየቀውም።

ራሱን ግን አይዋሽም። በሦስተኛው ገቢር ብቻውን ተንበርክኮ ሊጸልይ ሲሞክር፣ ዘውዱንና ንግሥቲቱን ይዤ ይቅርታ እንዴት እለምናለሁ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ያውቀዋል። አውቆም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተታልሎ ቢሆን ኖሮ ባዘንኩለት።

በመጨረሻው ግጥሚያ፣ ለሐምሌት የተዘጋጀውን የመርዝ ጽዋ ንግሥቲቱ ታነሣለች። ክላውዲየስ አትጠጪ ይላታል፤ አንዴ ብቻ። እጁን ዘርግቶ ቢነጥቃት ትድን ነበር፤ ግን ለምን እንደነጠቃት መናገር ሊኖርበት ነው። ጠጣች። ስትወድቅም፣ የተጋጣሚዎቹን ደም አይታ ራሷን ስታ ነው አለ።

ንግሥቲቱ ግን፣ መጠጡ ነው አለች።