መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩስ?

በተለይ የትምህርት ቤት ላይብረሪና አይሲቲ ክፍል የምትይዙ መምህራን፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

እኛ ላይብረሪ ውስጥ ተማሪ የሚጠቀምባቸው ስምንት ኮምፒውተሮች አሉ። ሲበሩ ማንም ፓስወርድ ሳይነካ በራሳቸው «ተማሪ» የሚለው አካውንት ውስጥ መግባት አለባቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አንዱ ጭራሽ አይነሳም፣ አንዱ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል፣ አንዱ ፓስወርድ ይጠይቃል። እኔ ክፍል እያስተማርኩ ከሆነ «መምህር እስኪመጣ ጠብቁ» ይባላል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ብዙም አይጎዳም። የሌለው ግን ያቺ የምሳ ሰዓት አመለጠችው ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ፣ ማውዝ በቅጡ ሳይዝ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ ያሳዝነኛል።

ብዙ ቦታ መፍትሔው «ፎርማት ይደረግ» ነው። አያስፈልግም። በቅደም ተከተል እዩት።

መጀመሪያ ባዮስ። ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ ግቡና መብራት ሲመለስ ምን ያድርግ የሚለውን «ፓወር ኦን» ላይ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ሥራው የዲቫይደሩ ማብሪያ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ይጥፋ፤ ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ይነሳሉ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን እዩ። ዓመቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። እሷ ከሞተች ባዮስ ላይ ያስተካከላችሁት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጽ አይከፍትም፤ እኛ ኢንተርኔቱን እንወቅሳለን!

ሦስተኛ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ኮምፒውተሩ መነሳት ጀምሮ ደጋግሞ ከተቋረጠ ዊንዶውስ ወደ ጥገና ስክሪን ይገባል። አትደንግጡ፣ ወደ ዊንዶውስ ቀጥል የሚለውን ምረጡ።

አራተኛ፣ ፓስወርድ የሚጠይቀው። አንድ ሰው የአካውንቱን ፓስወርድ ቀይሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ በድሮው ሊገባ እየሞከረ ነው። ረን ላይ ኔትፕልዊዝ (ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ፒ፣ ኤል፣ ደብልዩ፣ አይ፣ ዜድ) ብላችሁ ጻፉ፣ ተማሪ የሚለውን ምረጡ፣ ከላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ አዲሱን ፓስወርድ ስጡት። ምልክቱ ከሌለ ሴቲንግ ውስጥ ሳይን ኢን አማራጮች ላይ የዊንዶውስ ሄሎን ግዴታ አጥፉና ተመለሱ። አደራ፣ በራሱ የሚገባው አካውንት አድሚን አይሁን።

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አያስባትም። መብራት ድንገት ሲሄድ ተማሪው ኢሜይሉን ወይም ቴሌግራሙን አልዘጋም። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሳ ብራውዘሩ «የነበረውን ልመልስ?» ይላል። ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ እሺ ካለ የሌላውን ሚስጥር ከፈተ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ልጅን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ክሮም ሁልጊዜ በገስት ሞድ እንዲከፈት አድርጉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት በአማርኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን መብራት ሲመጣ የላይብረሪ ሠራተኛዋ ማብሪያውን ትጫናለች፣ ልጆቹም ይቀመጣሉ። እኔን የሚጠራኝ ቀንሷል፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። አንድ ሰው ሲቀር የሚዘጋ ክፍል ገና የሕዝብ አልሆነም።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት። መልካም ሳምንት!