በማማዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘነው የጅብ ጥላ

እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም እንደኛ ልጆቻቸው አድገው ገና ከቤት ያልወጡላቸው ወላጆች። ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ልጃችንን አስፈቅደናል፤ "ስሜን ካልጠራችሁ ጻፉት" ብሎናል።

ነገሩ የተገለጠው በጁን 2025 ነው፣ ከኢራን ሚሳይል ይመጣ በነበረባቸው ሌሊቶች። ያን ሰሞን የፔታህ ቲክቫ ሰው እንዴት እንዳደረ ታውቃላችሁ፤ ከተማችን ራሷ ተመትታ ሰው ሞቶባታል። በእኛ ቤት ማማዱ የትንሹ ልጃችን መኝታ ክፍል ነው። አዛካ ሲጮህ ሁላችንም እዚያ እንገባለን፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ። በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱም ብረት ይዘጋል። አየር የለም። ታዲያ በሦስተኛው ሌሊት አንድ ሽታ መጣብን። መጥፎ ሽታ አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ወርዶ ሲያባራ ከጫካ ሥር የሚመጣው ዓይነት፤ እርጥብ መሬት፣ የበሰበሰ እንጨት። አርባ ዓመት ያልሸተተን ሽታ ነው። "ግድግዳው ውሃ ያስገባል እንዴ?" አልን። ልጁ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ቆሟል። ውጡ እስኪባል ድረስ ከዚያ በር ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ሥራ ሲሄድ ከፈትነው። አዎ፣ ሳናስፈቅድ ነው የከፈትነው። ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ክዳን ያለው ግልጽ የላስቲክ ሳጥን አለ። ውስጡን ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወርሶታል፤ ከላዩ ደግሞ ቀጫጭን እግርና ቡናማ ቆብ ያላቸው ነገሮች ተጠጋግተው በቅለዋል። የሁለታችንም አፍ ላይ የመጣው ቃል አንድ ነው፦ የጅብ ጥላ።

አገር ቤት የጅብ ጥላ የሚነካ ልጅ ይገረፍ ነበር። እንጉዳይ ለቅሞ የሚበላም ሰው አልጠፋም፣ ግን የሚበላውን ከሚገድለው የሚለይ ጥቂት ሰው ነው። አሁን እኛ በረንዳ ላይ ጤና አዳም እናበቅላለን፣ ልጃችን ማማድ ውስጥ የጅብ ጥላ ያበቅላል!

ነርስ ለሆነችው ታላቋ ልጃችን ፎቶ አንስተን ላክንላት። ደቂቃ አልሞላም፣ ደወለች። "ፎቶውን አጥፉት። ለማንም እንዳትልኩ" አለች። ከዚያ ምን እንደሆነ ነገረችን። ፕሲሎሲቢን የሚባል ነገር ያለበት እንጉዳይ ነው። አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ይነካል። ብዙ የወሰደ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ጊዜ ይዛባበታል። ወንድሟ የሚወስደው ግን "ሚክሮዶዚንግ" የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ከሙሉው መጠን አንድ አሥረኛ ገደማ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ሰውየው ምንም ሳይታየው ሥራውን እየሠራ። "ለምን?" አልናት። "እሱን ጠይቁት" አለች።

አልጠየቅነውም። አንዳችን "ይጣል" አለ፣ አንዳችን "እስኪመጣ እንቆይ" አለ፣ የመጀመሪያው አሸነፈ። ሳጥኑን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው የቆሻሻ ገንዳ ጣልነው። ማታ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብን፤ ልጅ ቢያገኘውስ? ፖሊስ ቢያገኘውስ? በእኩለ ሌሊት ሁለት ሽማግሌዎች ወርደን እንደ ሌባ ገንዳ ስንቆፍር አንድ ጎረቤት ከውሻው ጋር አልፎ "ምን ጠፋባችሁ?" አለን። "ቁልፍ" አልነው። ሳጥኑን አውጥተን የነበረውን ሁሉ ከቡና አተላ ጋር አሽተን፣ አፍርሰን ጣልነው። አሁን ስናወራው ያስቀናል። ያን ቀን ግን እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ፖሊሱ ፍርሃት ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም። በ2015 እና በ2019 ለምን አደባባይ እንደወጣን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቁር ልጅ ያለው ወላጅ ፖሊስ ሲያይ ልቡ ምን እንደሚል ለእናንተ አይነገርም። ሕጉም ቀላል አይደለም። በ1973ቱ የአደገኛ ዕፆች ድንጋጌ ፕሲሎሲቢን የተከለከለ ነው፤ ለራስ ፍጆታ መያዝ እስከ 3 ዓመት፣ ማብቀልና ማዘጋጀት ግን እስከ 20 ዓመት እስራት ተጽፎበታል። አንዳንድ ወጣቶች ካናቢስ ላይ የመጣው ማላላት ይህንንም የሚሸፍን ይመስላቸዋል፤ አይሸፍንም።

ልጃችን ሲመጣና ሲያጣው ይጮሃል ብለን ጠብቀን ነበር። አልጮኸም። ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሁለት ወር ተኛሁ" አለ። "ሁለት ወር ሙሉ።" ሌላ አልጨመረም።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሦስት ጊዜ ሚሉኢም ወጥቶ ተመልሷል። በተመለሰ ቁጥር "ባሩክ ሀሼም፣ ሀኮል በሴደር" ነበር የሚለን። ሌሊት ግን በባዶ እግሩ ኮሪደሩን ሲመላለስ እንሰማው ነበር። ከኛ አንዳችንም ተነስተን "ልጄ፣ ምን ሆንክ?" አላልንም። እኛም ነቅተን እኮ ነው። ከሱዳን ወዲህ በደንብ ተኝተን አናውቅም፤ እንቅልፍ ማጣት በቤታችን እንደ ሕመም ተቆጥሮ አያውቅም። ሐኪም ጠይቆ የተሰጠው ቀጠሮ ከሰባት ወር በኋላ ነበር። በመሀሉ አብሮት ያገለገለ ጓደኛው ዘሩን ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ታላቋ ልጃችን እየመጣች ታነብልን ጀመር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ ሁሉ ውሸት ሆኖ እንዲገኝ ፈልገን ነበር፤ እንዲያ አልሆነም። በ2022 የወጣ ጥናት አለ፦ መድኃኒት ያልረዳቸው 233 የድብርት ሕሙማን፣ በላቦራቶሪ የተሠራ፣ በሚሊግራም የተለካ ፕሲሎሲቢን አንድ ጊዜ ወስደው፣ የሠለጠነ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ። ትልቁን መጠን የወሰዱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንሹን ከወሰዱት ይልቅ ተሽሏቸዋል። ከመካከላቸው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበትም ነበር። አውስትራሊያ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የተፈቀደላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት ፈቅዳለች። ልጃችን "እዚህም ጤና ጥበቃ ፈቅዷል" ይል ነበር፤ እህቱ አረመችው። በ2019 እዚህ ለጥቂት የፖስት ትራውማ ሕሙማን የተፈቀደው ኤምዲኤምኤ የሚባል ሌላ ነገር ነው፣ እሱም በሐኪም ክትትል ሥር። አሜሪካኖች ደግሞ በኦገስት 2024 እሱንም አላጸደቁትም።

ስለ ትንሿ መጠን ያነበበችልን ግን አስገረመን። በ2021 የወጣ ጥናት ነው። ቀድሞም በገዛ እጃቸው ሚክሮዶዚንግ ሊያደርጉ ያሰቡ 191 ሰዎች፣ የትኛው እንክብል እውነተኛ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ሳያውቁ እንዲወስዱ ተደረገ። እውነተኛውን የወሰዱት ተሻላቸው። ባዶውን የወሰዱትም ተሻላቸው! ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። ይህን ስትነግረው ልጃችን ትንሽ አሰበና "እሺ፣ ባዶም ቢሆን ተኝቼበታለሁ" አላት። ለዚህ መልስ አልነበራትም፣ እኛም የለንም።

እኛን ያስታወሰን አብሾ ነው። ጎንደር ያደገ ሰው አብሾን ያውቃል፤ ከአስተናግር የሚዘጋጅ ነው፣ የአብነት ተማሪዎች ትምህርቱ በልባችን ይደርልን ብለው ይጠጡታል ይባል ነበር። በልክ የጠጣው ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል፣ የበዛበት ያብዳል ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ በአንድ መለኪያ አረቄ የሚረብሽ ሰው "አብሾ አለበት" ይባል የለ? ልኩን የሚያውቅ ማን ነው ታዲያ? እንጉዳዩም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጉልበቱ እኩል አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሲበቅል ሻጋታም ይገባበታል፣ ልጃችን የሚለካው በግምት ነበር። ሜክሲኮ አገር ማዛቴክ የሚባሉ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይበሉታል አሉ፤ ግን በሌሊት፣ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት እስኪነጋ እየዘመረ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ። የእኛ ልጅ ብቻውን ነበር፣ በሩን ዘግቶ። ከግድግዳው ወዲያ እኛ ነቅተን።

ቆይቶ አንድ ሰው ቀጠሮውን ሰርዞ ኖሮ ሐኪሙ ቀደም ብሎ ጠራው። ልጃችን "አብራችሁኝ ኑ" አለን። ይህን ይለናል ብለን አልጠበቅንም። ሐኪሙ እንጉዳዩን ሲሰማ አልተቆጣም፣ ፖሊስም አልጠራም። ብዙ ነገር ጠየቀው። ከዚያ እግረ መንገዱን የሚጠይቅ ይመስል "ከቤተሰብ ውስጥ፣ አጎትም አክስትም ቢሆን፣ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ያሳድደኛል የሚል፣ በአእምሮ ሕመም የተኛ ሰው ነበር?" አለው። ልጃችን ሳያመነታ "ማንም የለም" አለ።

እኛ ሁለታችን ወለሉን አየን።

ነበር እንጂ። ከሁለታችን የአንዳችን ታላቅ ወንድም ነው፤ የማናችን እንደሆነ አንጽፍም፣ ሁለታችንም እንደ ወንድም ነው የኖርነው። ቀጥቃጭ ነበር፣ ማረሻው በሰባት መንደር የሚፈለግ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአንድ ክረምት እንቅልፍ አጣ። ወናፉ ያናግረኛል አለ። ከእናቱ እጅ እንኳን አልበላም፣ መርዝ አለበት አለ። ሰው ሁሉ ዛር ነው አለ። ቄሶቹ እንዳይሰሙ በሌሊት ባለዛር ዘንድ ወሰድነው፤ ዶሮ ታረደ፣ ቡና ተፈላ፣ ከበሮ ተመታ። አልዳነም። በ1984 ወደ እየሩሳሌም ብለን በእግር ስንነሳ አብሮን ተነሳ። በአርማጭሆ ቆላ በአንድ ሌሊት ከመካከላችን ጠፋ። ለልጆቻችን "ሱዳን መንገድ ላይ ሞተ" ብለናቸዋል። በመንገድ ላለቁት 4,000 ገደማ ወገኖቻችን መታሰቢያ በእየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ሲደረግ፣ ከሞቱት ጋር እንቆጥረዋለን። ስለ ሕመሙ ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ሴት ልጆች ነበሩን፣ ማን ያገባቸዋል ብለን ፈራን። ኋላም ዝምታው ለመደን።

ከሐኪሙ ወጥተን በጃቦቲንስኪ መንገድ ባለው የቀዩ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገርነው። ሁለት ባቡር አለፈን። ልጃችን መጀመሪያ ያለው ነገር "እህቴ ታውቃለች?" ነው። አታውቅም። ነርስ ናት፣ ይህን ጥያቄ ለስንት በሽተኛ በየቀኑ ትጠይቃለች፣ የገዛ ቤቷን መልስ አታውቅም።

በማግስቱ ለሐኪሙ ደወልን። በጣም አመሰገነን። በዚህ ነገር ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትን ሰው ከጥናታቸው ያስወጡታል አለ፤ እንጉዳዩ የተኛውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላልና። ለልጃችን "ከእንግዲህ ትንሹንም ቢሆን አትንካ" አለው። አጎቱ ታመመ ማለት እሱ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ ግን ደጋግሞ ነገረው፤ የእሱ ነገር ከጦርነቱ የመጣ ነው፣ ሕክምና አለው። መድኃኒት ለሚወስዱ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ ሊትየም ከዚህ እንጉዳይ ጋር ሲገናኝ የሚጥል በሽታ ዓይነት እንዳስነሳ ተመዝግቧል፤ ሐኪም ያዘዘውን እንክብል በራስ ፈቃድ አቋርጦ ወደዚህ መሄድም አደጋ ነው። ልጃችን ቀጠሮ ሲጠብቅ በነበረበት ጊዜ ናታል በ1-800-363-363 መደወል ይችል ነበር፣ ሌሊት የጨነቀው ደግሞ ኤራን በ1201 ያገኛል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው፣ ለዚህ ነው ቁጥሩን የጻፍነው።

አሁን ሕክምና ጀምሯል። ተኛ ወይ ብትሉን፣ አንዳንድ ሌሊት። ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ ስንሰማ ግን እንነሳለን፤ ሻይ እንጥዳለን፣ ብዙ አናወራም። ማማዱ ውስጥ የሚሸት ነገር የለም።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ሲፈላ ስለ አጎቱ ይጠይቀናል። ቁመቱ ምን ያህል ነበር? ካንተ ይረዝማል። እየሠራ ይዘፍን ነበር? ይዘፍን ነበር፣ ረስተነው አንዳችን አስታወሰ። ስለ መንገዱም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንነግረዋለን፤ ባለፈው ሳምንት አንገረብ ወንዝ ደርሰን በረካው ሲቀዳ አቆምን። ከወንዙ ወዲያ ያለው እሱ የጠፋበት ሌሊት ነው። ያን ሌሊት ምን እንዳደረግን እዚህ አንጽፈውም፤ መጀመሪያ መስማት ያለበት ልጃችን ነው። የፊታችን ቅዳሜ እህቱም ትመጣለች።