አይዳን ከመስማት በፊት

ጡረታ የወጣ አንድ የታሪክ መምህር በመጋቢት ወር መጨረሻ ከልጁ የተላከ መልእክት ደረሰው። መልእክቱ የሁለት መግቢያ ቲኬቶችን ፎቶግራፍ የያዘ ነበር። ልጁ በሚላኖ ከተማ ሥራ ይዛ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመታት ሆኗታል። በመጪው ነሐሴ ሊጠይቃት ሲሄድ ወደ ቬሮና ልትወስደውና በጥንታዊው የሮማውያን የትርኢት አደባባይ፣ በአሬና፣ የጁዜፔ ቨርዲን ኦፔራ ልታሳየው አስባለች። የኦፔራው ስም «አይዳ» ነው፤ የልጅቱም ስም አይዳ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው ጽሑፍ ግን ከግብዣ ይልቅ ጥያቄ ነበር፦ «አባዬ፣ ታሪኩን አነበብኩት። ተማርካ ባሪያ በሆነች፣ በመጨረሻም ከአገሯ ጠላት ጋር መቃብር ገብታ በሞተች ሴት ስም የጠራኸኝ ለምንድን ነው?»

መምህሩ ወዲያው መልስ አልሰጠም። ዕድሜውን በሙሉ የተማሪዎችን ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ ለገዛ ልጁ ጥያቄ የሚሆን ቃል አጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሙን የመረጠው ታሪኩን አውቆ አልነበረም። ተማሪ ሳለ ሊዮንቲን ፕራይስ የምትዘፍንበትን ሸክላ ከአንድ ወዳጁ ቤት ሰምቶ ነበር። ጣልያንኛ አያውቅም ነበርና ቃሉ አልገባውም፤ ድምፁ ግን ከልቡ ሳይወጣ ቀረ። ዘፋኟ የምትወክለው ኢትዮጵያዊት ልዕልት መሆኗን ሲነግሩት ደግሞ ደስታው እጥፍ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሴት ልጅ ሲወልድ ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። በኢትዮጵያ ይህን ስም የሚጠሩበት ሴቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ሆነ ስሙን ካወጡላቸው ወላጆች መካከል ኦፔራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰሙት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ታላላቅ የኦፔራ ቤቶች የመጪውን ወቅት ትርኢቶች ዝርዝር ባወጡ ቁጥር «አይዳ» ከዝርዝሩ የማይጠፋ ሥራ ነው። የቬሮናው የበጋ ፌስቲቫልም የተጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1913፣ የቨርዲ ልደት መቶኛ ዓመት በሚከበርበት ዘመን፣ በዚሁ ኦፔራ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ስም በሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት በሌሊት ይዘፈናል። በዚያ መድረክ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ከአድናቆትም ከቅሬታም ሊቀድም ይገባል። መምህሩ ይህን አስቦ፣ ከጉዞው በፊት የቀሩትን ወራት ለጥናት አዋላቸው።

ጥናቱን የጀመረው ኦፔራውን ካዘዘው ሰው ነው። የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል አገሩን ከአውሮፓ ኃያላን ተርታ ለማሰለፍ የሚጓጓ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 በካይሮ ያሠራው የኦፔራ ቤት ጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን፣ በቨርዲ «ሪጎሌቶ» ተከፈተ፤ በዚያው ወር የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። ከዲቩ በዚህ አልረካም። ለራሱ ቲያትር፣ ከፈርዖኖች ዘመን የተቀዳ አዲስ ኦፔራ ፈለገ። የታሪኩን ንድፍ ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብጽ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት አወጣ፤ ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈ፤ ቨርዲም በ150,000 ፍራንክ ሙዚቃውን ሊደርስ ተዋዋለ። ይሁንና በፓሪስ የተሠሩት የመድረክ ሥዕሎችና አልባሳት፣ የፕሩስያ ጦር ከተማዋን በመክበቡ፣ በዚያው ታግተው ቀሩ። ከዚህም የተነሳ ትርኢቱ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ታየ። ኦርኬስትራውን የመራው በድብል ቤዝ ተጫዋችነቱ የታወቀው ጆቫኒ ቦቴሲኒ ነበር። ቨርዲ ራሱ ወደ ካይሮ አልሄደም።

መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። የታሪክ መምህር እንደመሆኑ ከ1871 ቀጥሎ የሚመጡትን ዓመታት ያውቃቸዋል። ያው ከዲቭ እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ ጦሩን በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ አዘመተ። ኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዴንማርካዊው መኮንን አረንድሩፕ የሚመራው ሠራዊት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ከሞላ ጎደል ተደመሰሰ፤ አዛዡም እዚያው ወደቀ። በቀጣዩ የመጋቢት መግቢያ ገደማ ይበልጥ የተደራጀ ጦር መጥቶ በጉራዕ ድል ተመታ። በካይሮው መድረክ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ በድል አድራጊዎች ፊት ይነዳል፤ በጉንደትና በጉራዕ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕዳ የከበደበት ከዲቭ ከጉንደት ሽንፈት በኋላ ቀናት እንኳ ሳይርቁ በስዊዝ ቦይ ላይ የነበረውን ድርሻ ለእንግሊዝ ሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ከሥልጣን ወረደ። ያ የኦፔራ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1971፣ «አይዳ» በታየበት መቶኛ ዓመት፣ በእሳት ወደመ።

መምህሩ በማስታወሻው ላይ መጀመሪያ የጻፈው ዓረፍተ ነገር «ይህ ኦፔራ ለወረራው ቅስቀሳ የተደረሰ ነው» የሚል ነበር። በማግሥቱ ሰረዘው። የሁለት ድርጊቶች ቀን መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ተማሪዎቹን ሲያስተምር ኖሯል፤ ለራሱ ሲሆን ሕጉን ሊያላላው አልፈለገም። በምትኩ የጻፈው ይህን ነው፦ ኦፔራውንም ዘመቻውንም የወለደው አንድ ምኞት ነው፤ ይኸውም የፈርዖኖችን ግርማ ወርሶ የዓባይን ሸለቆ እስከ ምንጩ የመግዛት ምኞት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የቷ ኢትዮጵያ?» የሚለው ነበር። በኦፔራው ውስጥ የግብጽ ጦር ኢትዮጵያውያንን ለማጥቃት ሊያልፍበት የመረጠው ሥፍራ ናፓታ ይባላል። ናፓታ ደግሞ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን የነበረች የኩሽ መንግሥት ከተማ ናት። ስለሆነም ደራሲዎቹ «ኢትዮጵያ» ሲሉ የጥንት ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ የጠሩበትን ስም ይዘው እንጂ አክሱምን ወይም ጎንደርን አስበው አልነበረም። የኩሽ ታሪክ ራሱ ግን ለኦፔራው ደራሲዎች የሚመች አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የናፓታው ንጉሥ ፒያንኪ ግብጽን ድል አድርጎ ይዟል፤ ተተኪዎቹም ፈርዖን ተብለው ነግሠዋል። በሰንሰለት የታሰረው የመድረኩ ንጉሥ አሞናስሮ ከታሪክ የተወሰደ ሰው ሳይሆን ትርኢቱ የፈለገው ፍጡር ነው።

ነገር ግን ኦፔራ በታሪክ እውነትነቱ ብቻ አይመዘንም፤ ዋናው ሙዚቃው ነው። መምህሩ ያንን ሸክላ የሚተካ ቅጂ አግኝቶ በየማታው ማድመጥ ያዘ። ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው የሁለተኛውን ገቢር የድል ሰልፍ ነው። ቨርዲ ለዚህ ሰልፍ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ስድስት መለከቶች እንዲሠሩ አድርጓል። ሦስቱ ዜማውን በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ሦስቱ ከፍ ብለው ያንኑ ዜማ በሌላ ቁልፍ ይቀበላሉ፤ አደባባዩም ድንገት የሰፋ ይመስላል። መምህሩ ይህን ሲሰማ የትውልድ መንደሩን እምቢልታ ነፊዎች አስታወሰ። እያንዳንዱ እምቢልታ ከሁለት ወይም ከሦስት የበለጠ ድምፅ አያወጣም፤ ሦስት ነፊዎች ተራ በተራ ሲቀባበሉት ግን ሙሉ ዜማ ይሆናል። የመለከት መቀባበል የአገሩ ጆሮ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ደጋግሞ ሲያዳምጥ ግን ሌላ ነገር ተገለጠለት። በዝሆኖችና በሠራዊት ብዛት የሚታወቀው ይህ ኦፔራ፣ በአብዛኛው የዝግታ ሙዚቃ ነው። መግቢያው ላይ ጥቂት ቫዮሊኖች ብቻ ለብቻቸው ቀጭን ዜማ ይጀምራሉ፤ መጨረሻው ላይም በተዘጋ መቃብር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ ሙዚቃው እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ገቢር ነው። ሌሊት ነው፤ ዓባይ ዳር ነው። ኦቦው ብቻውን ይቀድማል፤ ከዚያ አይዳ ዳግመኛ የማታየውን አገሯን ታስባለች፤ ሰማይዋን፣ ኮረብቶችዋን፣ ሸለቆዎችዋን። ኢትዮጵያ በኦፔራው ውስጥ አንዲት ትዕይንት እንኳ አልተሰጣትም፤ በመድረክ ላይ የምትኖረው በዚህች ሴት ድምፅ ብቻ ነው። የአሸናፊው ድርሻ መለከቱና ሰልፉ ነው፤ ቨርዲ ከዜማዎቹ ውስጥ እጅግ ልብ የሚነካውን የሰጠው ግን አገሯን ላጣችው ነው። እርሱ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በባዕዳን ገዥዎች ተከፋፍሎ የነበረ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ሮማ የተባበረችው ኢጣልያ ዋና ከተማ የሆነችው «አይዳ» በታየበት በ1871 ነበር። ላዘዘው ገዥ የድል ሰልፍ ሲጽፍ፣ የአገር ናፍቆት ምን እንደሆነ ከሚያውቀው ሕዝቡ ልብ ደግሞ የምርኮኛዋን ዜማ ቀዳ።

ይህም የልጁን ጥያቄ ለመመለስ በር ከፈተለት። አይዳ አገሯን አልከዳችም። አባቷ የግብጹን የጦር አዛዥ ራዳሜስን ምሥጢር እንድታወጣ ሲያስገድዳት፣ የምትወደውን ሰው የጎዳችው ለአገሯ ብላ ነው። በመጨረሻም በሕይወት እንዲቀበር የተፈረደበትን ሰው ተከትላ መቃብር የገባችው አገሯን ጠልታ ሳይሆን፣ ሁለቱንም ማዳን ስላልቻለች ነው። የኦፔራው ጉድለት በእርሷ ላይ የሚታይ አይደለም። ጉድለቱ፣ ኢትዮጵያውያኑ ምሕረት ከሚለምኑ እስረኞች በቀር ሌላ መልክ እንዳይኖራቸው መደረጉ ነው።

ጉድለቱ በመልክ ላይ ደግሞ በግልጽ ታይቷል። ለረዥም ዘመን አይዳን የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ አውሮፓውያት ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ካተሪና ጃርቦሮ እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ዮርክ ይህን ሚና ስትጫወት ነገሩ እንደ ብርቅ ታየ። ሊዮንቲን ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በዚሁ ሚና ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 በቬሮናው አሬና የ«አይዳ» ተዋንያን ፊታቸውን በመቀባታቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኤንጅል ብሉ በዚያው መድረክ በሌላ ኦፔራ ልትጫወት የነበረውን ትታ ቀረች። መምህሩ የተቆረጠለት ቲኬት የዚህ መድረክ መሆኑን አልዘነጋም።

ሌላም ያልዘነጋው ነገር ነበር። አባቱ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በጫካ የዋለ አርበኛ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ የኢጣልያን ስም በበጎ አላነሳም። ዐድዋ ሲሆን ቨርዲ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶም የወገኖቹ ልጆች በመርዝ ጋዝ ተመልሰው መጡ። የአርበኛ ልጅ በቬሮና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ንጉሥ መማረክ ሊያይ ይገባዋልን? መምህሩ ለብዙ ሌሊት ከዚህ ሐሳብ ጋር ታገለ። በመጨረሻ የደረሰበት ይህ ነው፦ ጉንደትና ጉራዕ በጦር ሜዳ ተመልሰዋል፤ በመድረክ ግን ገና አልተመለሱም። የካይሮው ገዥ በጦር የተነጠቀው ድል በኦፔራው ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲዘፈንለት ኖሯል። ይህ የሆነው ጥበቡ ታላቅ ስለሆነ ነው። ለታላቅ ጥበብ ደግሞ መልሱ ቅሬታ ወይም ከአዳራሽ መቅረት ሳይሆን፣ ያንኑ የሚያህል ሌላ ጥበብ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ኦቦና ቫዮሊን ከክራርና ከማሲንቆ ጎን ሊሰማ የሚችልባት አገር፣ እምቢልታዋን ይዛ የራሷን ሦስተኛ ገቢር መጻፍ አያቅታትም። ይህን የሚጽፍ ሰው ግን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ማድመጥ አለበት።

ለልጁ የላከው መልስ አጭር ነበር። «ልጄ፣ ስሙን ያወጣሁልሽ ሳላውቅ ነው፤ አሁን ግን አውቄ አጸናዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አገሯን ያልረሳች እርሷ ብቻ ናት። በዐረብኛም አይዳ ማለት ‹ተመላሽ› ማለት ነው ይላሉ፤ እርሷ አልተመለሰችም፤ አንቺ ግን መንገዱ ክፍት ነው። በነሐሴ እመጣለሁ፤ እስረኞቹ ሲገቡ ዓይናችንን አንጨፍንም፤ ሦስተኛው ገቢር ሲደርስ ግን አታናግሪኝ።»

ልጅቱ በምላሿ አንድ ነገር ጨምራ ነገረችው፤ በአሬና ትርኢቱ ሊጀመር ሲል በድንጋዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ትናንሽ ሻማዎችን የማብራት የቆየ ልማድ አለው። መምህሩ ይህን ካነበበ በኋላ በማግሥቱ ወደ ገበያ ወጣ። ለጉዞው ባዘጋጃት ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ጧፎች ተቀምጠዋል።