ነፋሱ ከየት ይነፍሳል?

ዲንሾ ባሌ ውስጥ ናት። ከአጠገቧ የጋይሳይ ሜዳ አለ። በሜዳው ላይ የደጋ አጋዘን ይግጣል። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ አለው፤ ሴቷ የላትም። መልኩ በባለ 10 ሳንቲም ላይ አለ።

አጋዘን ዓይኑ ባያይ አፍንጫው ይነግረዋል። ስለዚህ ሊያየው የሚሻ ሰው አስቀድሞ አፈር ዘግኖ ይበትናል። አቧራው ወደ አጋዘኑ ከሄደ ቦታ ይቀይራል።

ጠዋት ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ነፋሱ ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ከአጋዘኑ በላይ መቀመጥ ነው። ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ ከበታቹ መቀመጥ ነው።

ይህን ዘዴ አዳኝ ያውቀዋል። ጠባቂም ያውቀዋል። በፓርኩ ውስጥ ግን ማደን ክልክል ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። እዚህ ካለቀ ከየትም አይመጣም።