ለቡና የእንግዳ በረከት

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘውን ለቡን ስንመለከት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየን የምድር ባቡሩ ጣቢያ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪክ በሚሠራው መስመር ከዚህ የተነሣ መንገደኛ በአዳማና በአዋሽ አልፎ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ከዚያም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገል ቅርብ ናት።

ባቡርና እንግዳ አገርን እንዴት እንደሚያበለጽጉ ሞናኮ ታስረዳናለች። ያቺ ትንሽ አገር የቁማር ቤት ብታቆምም፣ መንገዱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ እንግዳ አጥታ ቆየች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ባቡር ሲገባላት ግን ጐብኚው በዛ፤ በማግሥቱም ዓመት መስፍኑ ሣልሳዊ ሻርል ከነዋሪው ላይ የገቢ ግብር አነሡ። ሆኖም የገዛ ዜጎቿ በዚያ ቤት እንዳይጫወቱ በሕግ ተከልክለዋል። ይኸውም የእንግዳው ገንዘብ እንዲገባ እንጂ የዜጋው ቤት እንዲፈርስ ስላልተፈለገ ይመስለናል።

እኛ ግን እንግዳ ለመሳብ ቁማር አያስፈልገንም፤ የአዋሽ አራዊትና የሐረር ግንብ ይበቁናል። ነገር ግን እንግዳ በመስኮት አይቶ ቢያልፍ ለአገሩ የሚተወው ነገር የለም። ገንዘቡ የሚቀረው ንጹሕ ማደሪያ፣ ማለፊያ ምግብና አገሩን አውቆ የሚመራው ሰው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ቋንቋና የአገራቸውን ታሪክ እናስተምር፤ ከአባቶቻችን የወረስነው እንግዳ ተቀባይነት ለእነርሱ ክብርም እንጀራም ይሆንላቸዋልና።