«በጣም ረክቻለሁ» ያለው ማን ነው?

የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያውም ነዳጁም ብረቱም እዚህ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የሾፌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሸክሙን ትንሽ ቢያቀልም ካሚዮኑን አላሳረፈውም። ሾፌሩ በድንበሩ በጋላፊ ገብቶ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ፒኬ 12 አካባቢ ይቆማል፤ ተራ ይጠብቃል። በክረምት ወራት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድረው ጥቂት አይደለም። ስለ እሱ ባለሥልጣኑም፣ አስመጪውም፣ ትራንዚተሩም ያወራል። እሱን ራሱን የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ለሾፌሮች ማረፊያ፣ መታጠቢያ፣ ምግብ ቤትና ገንዘብ መላኪያ በአንድ ግቢ ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው የገበያ ጥናት ድርጅት ሥራውን ያዘ። መጠይቁን ወደ አማርኛ ከመለስነው ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ ጥያቄዎቹ ዛሬም አይረሱኝም። የት ያድራሉ? የመጠጥ ውሃ ከየት ይገዛሉ? መንገድ ላይ ቢታመሙ የት ይታከማሉ? ለቤተሰብዎ ገንዘብ የሚልኩት በማን በኩል ነው? መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ አሁን በሚያገኙት አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል የሚል ነበር፤ ምርጫው ከ«ፈጽሞ አልረካሁም» እስከ «በጣም ረክቻለሁ» ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሾፌር ሲቀርብ በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ድርጅቱ ሰው አሰማርቶ ፓርኪንግ ለፓርኪንግ ከማዞር ይልቅ ሊንኩን በቴሌግራም ለቀቀው። «ይህ ጥናት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ብቻ ነው፤ ሞልተው ሲጨርሱ የሞባይል ካርድ ይላክልዎታል» የሚል ማስታወቂያ ከላዩ ተለጠፈበት። ካርዱ የተተመነው በጅቡቲ ኑሮ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.7 ገደማ ሆኖ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ስለሆነ፣ እዚህ ከአንድ ምሳ የማያልፍ ሒሳብ አገር ቤት ሲደርስ ደህና ገንዘብ ይሆናል። ሊንኩ ፒኬ 12 ሳይዳረስ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ደረሰ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሾፌር ሆነ።

መልሶቹ ሲገለበጡ የተወሰኑትን አይቻለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ተከታትለው የጎረፉ ናቸው። ሩብ ሰዓት የሚወስደው መጠይቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ጋላፊን ካለፉ በኋላ የት እንደሚያርፉ ሲጠየቁ አንዱ «ኦቦክ» ብሏል። ኦቦክ በሰሜን፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዲያ ማዶ ነው፤ ከጋላፊ ለሚመጣ ሾፌር መንገዱ ላይ ያለችው ዲኪል ናት። አስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከነፊደል ግድፈቱ እየተገለበጠ በየሰዉ ስም ሰፍሯል፦ «ሁሉም ነገር ጥሩ ነው እናመሰግናለን»። ስለ እርካታ የተጠየቀውስ? አብዛኛው «በጣም ረክቻለሁ»።

መጀመሪያ ላይ የሐሰት መልስ ወዲያና ወዲህ ተበትኖ እርስ በርሱ የሚጣፋ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምርመራ፣ ፈቃደኞችን በኢንተርኔት ከሚሰበስቡ መጠይቆች መልስ ሰጪዎች ውስጥ ከ4 እስከ 7 በመቶው የማይታመኑ ሆነው ተገኝተዋል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምንም ቢጠየቁ ወደ «አዎ» እና ወደ «ጥሩ ነው» ያደላሉ። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 እንደጻፈው፣ በእንዲህ ዓይነት መጠይቅ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑት መላሾች 12 በመቶው የኑክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለመንዳት ፈቃድ አለን ብለዋል! አጭበርባሪው የሚፈልገው ክፍያውን ነውና ፊት አያጠቁርም፤ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። የእኛንም መጠይቅ የሞላው መላሾቹ ስለማያውቁት ሰው ኑሮ የተሰጠ ምስጋና ነው።

የባሰው ድርጅቱ ማጭበርበሩን ነቅቶ ማጣራት ሲጀምር መጣ። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ከአንድ በላይ መልስ ከመጣ ይሰረዝ ተባለ። ይህ ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። ጅቡቲ ውስጥ ግን አገልግሎት ሰጪው አንድ ጅቡቲ ቴሌኮም ነው፤ ብዙ ስልክ በአንድ አድራሻ ይወጣል። ሾፌሮቹ ደግሞ የሚጠቀሙት የአንዲት ምግብ ቤት ዋይፋይ ነው፤ ከእንጀራው ጋር የይለፍ ቃሉን ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ከበው በየስልካቸው የሞሉ እውነተኛ ሾፌሮች እንደ አንድ አጭበርባሪ ተቆጥረው ወጡ። ቪፒኤን እየቀያየረ የሞላው ግን በየአድራሻው ሌላ ሰው መስሎ አለፈ። ወንፊቱ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን አስቀረ።

ባለሀብቱ ውጤቱን አይቶ የተናገረውን ሰምቻለሁ። «ወይ ሾፌሮቹ ረክተዋል፣ ወይ መረጃው ውሸት ነው፤ በየትኛውም ቢሆን ገንዘቤን አላፈስም» አለ። ማን ይፈርድበታል?

ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ኦፕ ፎር ጂ እና ስላይስ ከተባሉ ሁለት የጥናት ድርጅቶች ጋር የተያያዙ 8 ሰዎች ተከሰዋል። እንደ ክሱ ከሆነ፣ «ጉንዳን» የሚሏቸውን ሰዎች እየከፈሉ መጠይቅ በማስሞላት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የሐሰት መረጃ ሸጠዋል፤ ጉንዳኖቹም ማጣሪያውን ማለፊያ መልስ እየተነገራቸው፣ በቪፒኤን አሜሪካ ውስጥ ያሉ እየመሰሉ ይሞሉ ነበር። ልዩነቱ ግን አለ። እዚያ አንድ ጥናት ቢበላሽ በማግስቱ ሌላ መቶ ይጠናል። እዚህ የተበላሸው አንዱና ብቸኛው ነበር።

መፍትሔው ደግሞ ውድ አልነበረም፤ ሲያንገበግበኝ የሚያድረውም ርካሽነቱ ነው። «ለሾፌሮች ብቻ» ብሎ በር ላይ ባይለጥፉ፣ ሥራዎ ምንድን ነው ብለው ከብዙ አማራጭ ጋር ቢጠይቁ፣ አጭበርባሪው ምን ብሎ እንደሚገባ አያውቅም ነበር። ሁለት ልጆች ፓርኪንግ ውስጥ እየዞሩ አንዴ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ያለበት ወረቀት ቢያድሉ፣ ድሬዳዋ የተቀመጠው መግቢያ ያጣል። የኦቦክና የዲኪል ዓይነት ጥያቄ በየመሐሉ ቢጨመር፣ የሌለ የመድን ድርጅት ስም ተጽፎ «ደንበኛ ነዎት?» ቢባል፣ ያልሆነውን ሆንኩ ባይ ራሱን ያጋልጣል። ከአሥር ሰው ለአንዱ ተደውሎ የሰሌዳው ኮድ 3 ነው 4፣ ምን ጭነህ መጣህ ቢባል፣ ሾፌርና ሾፌር መሳይ በሁለት ቃል ይለያል። ካርዱም ሞልቶ እንደጨረሰ ሳይሆን መልሱ ከተጣራ በኋላ ቢላክ፣ የሌሊቱ ጎርፍ በሁለተኛው ቀን ይደርቅ ነበር። ይህን ሁሉ በጊዜው ያነሣ ሰው አልጠፋም። «ጊዜ የለንም» ነበር መልሱ። ነገሩ በቅጠል ሊጠፋ ሲችል እሳት እስኪሆን ተጠበቀ።

አሁን ያ ቀላል ዘመንም አልፏል። የዳርትመዝ ኮሌጁ ሾን ዌስትውድ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ባሳተመው ጥናት፣ ራሱ ያዘጋጀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መላሽ የትኩረት መፈተሻ ጥያቄዎችን 99.8 በመቶ አልፏቸዋል። የነገው አጭበርባሪ ዲኪልን አይስትም፤ የፊደል ግድፈትም አይደግምም። በልጅ አእምሮ ሊያዙ የሚችሉ አጭበርባሪዎች ባሉበት ዘመን ያልተጠበቀውን በር፣ ከእንግዲህ ወዲያ ሰው ራሱ ፓርኪንጉ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ካልጠየቀ ማንም አይጠብቀውም።

ካርዱን የወሰዱት ልጆች በማግስቱ ጨርሰውታል። ባለሀብቱ ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ አዋለው፤ ድርጅቱም ሌላ ደንበኛ አላጣም። ሪፖርቱ ግን አልተቀደደም፤ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ከነስዕላዊ መግለጫው ለሚመለከታቸው ሁሉ ተሰጥቷል። ሾፌሩ ነገ የውሃ፣ የመጸዳጃ፣ የጥላ ጥያቄ ይዞ ቢሮ ቢሄድ፣ ከመሳቢያ ተመዝዞ የሚነበብለት የራሱ ነው የተባለ ቃል አለ፤ «ጠይቀናችሁ፣ በጣም ረክተናል ብላችኋል» ይሉታል። ዝም የተባለ ሰው ቢያንስ አልተጠየቅሁም ብሎ ይከራከራል። እሱ አሁን ይህንንም ተነጥቋል።